«ማዕቀብ ይጣል» ለማለት ደብዳቤው ወዴት ይግባ?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በውጭ አገር በሕዝብ ላይ ግፍ ሲፈጸም መንግሥታችን በንግድና በገንዘብ በኩል ጫና እንዲያደርግ ዜጎች በምን መንገድ መጠየቅ እንደሚችሉ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ከሐዋሳ በብዛት ደርሰውናል። አብዛኞቹ የሚያነሡት ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ላይ ያለችውን ሱዳንን፣ በተለይም ዳርፉርን ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምረን፣ ረዘም ያሉትንም አሳጥረን መልሰናል።

ጥያቄ፦ በታቦር ክፍለ ከተማ የምንገኝ መምህራን ነን። በዳርፉር በሰላማዊ ሰዎች ላይ ስለሚፈጸመው ጭፍጨፋ መንግሥታችን ማዕቀብ እንዲጥል 1,400 ፊርማ አሰባስበናል። ለከተማው አስተዳደር ብንወስደው «እኛን አይመለከትም» ተባልን። ለማን እናስገባ?

መልስ፦ የነገሯችሁ ልክ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 የውጭ ግንኙነት ፖሊሲ የሚያወጣውም የሚያስፈጽመውም፣ ከውጭ ጋር የሚደረገውን ንግድ የሚመራውም የፌዴራል መንግሥት ነው። የከተማው ምክር ቤትም ሆነ የሲዳማ ክልል ምክር ቤት የሐዘን መግለጫ ቢያወጣ እንጂ የአንዲት ኩንታል ዕቃ ጉዞ ማስቆም አይችልም። ዋናውን ደብዳቤ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት አድርጉት። አንድ ግልባጭ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ አንድ ግልባጭ ደግሞ ለምርጫ ክልላችሁ ተወካይ ይሂድ። ተወካዩ በአንቀጽ 54 መሠረት የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ሲያጣበት ወንበሩን ሊያጣ ይችላልና ለእሱ የሚሄደውን ግልባጭ አትናቁት።

ጊዜውንም አስሉ። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሥራ ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በመሐሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። ሐምሌ ላይ የገባ ደብዳቤ እስከ መስከረም ይተኛል።

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ። ናሙናውን ልካችሁልናል፤ የፊርማ ወረቀታችሁ «መንግሥት ማዕቀብ እንዲጥል እንጠይቃለን» ይልና እዚያው ያበቃል። በማን ላይ? በምን ዕቃ ላይ? በየትኛው መሥሪያ ቤት በኩል? ይህ ካልተጻፈ መዝገብ ቤቱ ደብዳቤውን ተቀብሎ ወደ ማን እንደሚመራው አያውቅም። የማይመራ ደብዳቤ ደግሞ ፋይል ውስጥ ይገባና በዚያው ይቀራል።

ስሙ ማዕቀብ ሆኖ ዋናውን ቧንቧ ክፍት የተወ ማዕቀብ ምን እንደሚመስል ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ስትወረን 50 ያህል የመንግሥታቱ ማኅበር አባላት ማዕቀብ ጣሉባት። መሣሪያ እንዳይሸጥላት፣ ብድር እንዳይሰጣት፣ ዕቃዋም እንዳይገዛ ከለከሉ። ወደ እሷ እንዳይላኩ ከታገዱት ነገሮች መካከል ጎማ፣ አሉሚኒየምና የጭነት እንስሳት ይገኙበታል። ነዳጅና የድንጋይ ከሰል ግን ከዝርዝሩ ውጭ ሆኑ፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። በቅሎውን ከልክለው የታንኩን ነዳጅ ለቀቁ። ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ አቤት ካሉ በኋላ ሐምሌ 8 ማዕቀቡ ጭራሹን ተነሣ።

ስለዚህ መጀመሪያ ቧንቧውን ለዩ፤ ያውም በኢትዮጵያ እጅ ያለውን። ለሱዳን የምንሸጠው ኤሌክትሪክ በእጃችን ነው፤ ቢቋረጥ ግን ቀድሞ የሚጨልመው ሆስፒታሉና የውኃ ፓምፑ ነው። የመተማ በርም በእጃችን ነው፤ በእሱ የሚያልፈው ግን እህል፣ መድኃኒትና ነፍሱን ሊያድን የሚሸሽ ሰው ነው። እነዚህን ሁለቱን ተዉአቸው። የሚቀሩት መሣሪያና ወርቅ ናቸው። በዳርፉር ላይ የመሣሪያ ማዕቀብ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1556 ጣለው፣ በቀጣዩ ዓመት 1591 አሰፋው። በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 25 መሠረት ማስፈጸሙ የኢትዮጵያም ግዴታ ነው። አዲስ ነገር ከመለመን ያለው ግዴታ እንዲፈጸም መጠየቅ ይቀላል። ወርቁን በተመለከተ፣ የሱዳን ወርቅ ትልቁ ገበያ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ስለሆነ ያ ቧንቧ በእኛ እጅ አይደለም። ሆኖም የሱዳን ወርቅ በኮንትሮባንድ ወደ ጎረቤት አገሮች ይወጣል፤ ብሔራዊ ባንካችንም ከባህላዊ አምራቾች ወርቅ ይገዛል። ስለዚህ የሚገዛው ወርቅ ከየት እንደ ወጣ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ለአብነት እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ጉዳዩ፦ በዳርፉር ላይ የተጣለውን የጦር መሣሪያ ማዕቀብ አፈጻጸምና የወርቅ ምንጭ ቁጥጥርን ይመለከታል። እኛ ስማችንና ፊርማችን በአባሪነት የተያያዘ 1,400 የሐዋሳ ከተማ ነዋሪዎች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 በተሰጠን አቤቱታ የማቅረብ መብት የሚከተለውን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የጉምሩክ ኮሚሽን የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1556ን እና 1591ን ለማስፈጸም በምዕራብ ድንበር ኬላዎች የወሰደውን እርምጃ በ6 ወር ውስጥ ለምክር ቤቱ ሪፖርት እንዲያደርግ። ሁለተኛ፣ ለብሔራዊ ባንክ የሚቀርብ ወርቅ የወጣበትን ወረዳና አምራቹን የሚያሳይ ማስረጃ ሳይኖረው እንዳይገዛ፣ ይህን የሚያዝ መመሪያ ካለም አፈጻጸሙ ይፋ እንዲሆን። ሦስተኛ፣ በጭፍጨፋው የተሳተፉ አዛዦች ሀብት እንዲታገድ በኢጋድና በአፍሪካ ኅብረት የሚቀርብ ሐሳብን መንግሥታችን እንዲደግፍ፣ ካልደገፈም ምክንያቱን ለምክር ቤቱ እንዲያስረዳ።»

ሦስተኛውን ያለ ምክንያት አልጨመርነውም። ኢትዮጵያ የጸጥታው ምክር ቤት ተለዋጭ አባል በነበረችበት ጊዜ፣ ሐምሌ 2010 ዓ.ም.፣ በደቡብ ሱዳን ላይ የመሣሪያ ማዕቀብ የሚጥለው ውሳኔ 2428 ለድምፅ ቀርቦ ነበር። 9 አገሮች ደገፉ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ 6 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ለማለፍ የሚያስፈልገው 9 ነበርና በአፍንጫው አለፈ። የእኛ መንግሥት ማዕቀቡ የሰላም ድርድሩን ያደናቅፋል የሚል ክርክር ነበረው። ክርክሩ ያሳምናችሁም አያሳምናችሁ፣ አንድ ድምፅ ምን ያህል እንደሚመዝን ከዚህ ይታያል።

የፊርማውን ነገር በተመለከተ፣ አሁን ያላችሁ 1,400 ፊርማ ለአዲሱ ጽሑፍ አያገለግልም፤ ሰው የፈረመው ለሌላ ዐረፍተ ነገር ነውና እንደገና አስፈርሙ። ያደክማል፤ ግን የጥያቄው ሙሉ ቃል ከፊርማዎቹ በላይ ያልሰፈረበት ወረቀት «ባዶ ወረቀት ላይ አስፈርመው ኋላ ሞሉበት» ለሚል ሰው በር ይከፍታል። በአንድ ኤ4 ገጽ ከ20 ሰው አታስበልጡ፤ 1,400 ሰው 70 ገጽ ይሆናል። በእያንዳንዱ ገጽ አናት ሦስቱም ነጥቦች ይድገሙ፣ ግርጌው ላይ «ገጽ 3 ከ70» እያላችሁ ቁጥር ስጡ። ዓምዶቹ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ክፍለ ከተማና ቀበሌ፣ ፊርማ ናቸው። ስልክ ቁጥር አትጠይቁ፤ ለደብዳቤው አይጠቅምም፣ ወረቀቱ ሲጠፋ ግን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ጥያቄ ያስነሣባችኋል። በአንድ እጅ ጽሕፈት አሥር ስም የተደረደረበት ገጽ ካለ ሙሉ በሙሉ አውጡት፤ እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ስልሳ ዘጠኙን ያስጠረጥራል። ጽሑፉን በሲዳሙ አፎና በአማርኛ ጎን ለጎን ብታደርጉት ፈራሚው የሚፈርመውን ያውቃል። በከተማው ያሉ የሱዳን ስደተኞችን ግን አታስፈርሙ፤ ዘመዶቻቸው እዚያው ናቸው፣ ስማቸውም በየቢሮው የሚዞር ወረቀት ላይ መገኘት የለበትም።

የሟቾችን ቁጥር በተመለከተ፣ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወረውን አትጻፉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ለሱዳን ያቋቋመው አጣሪ ቡድን ካወጣቸው ሪፖርቶች ገጽና አንቀጽ ጠቅሳችሁ ውሰዱ። ከሌላ ጦርነት የተወሰደ አንድ ፎቶ ብታያይዙ መልሱ ስለ ፎቶው ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከመካከላችን ግማሹ «ኢትዮጵያ ጦር ትላክ የሚለውም ይግባ» ይላል። ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ብናደርገው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ፈራሚ ያሳጣችኋል። እንግሊዞች በ1927 ዓ.ም. በግማሽ ሚሊዮን ያህል በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት ያካሄዱት የሰላም ድምፅ የሚባል መጠይቅ ነበር፤ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው መልሶታል። አምስተኛውን ጥያቄ ለሁለት ከፈሉት። ወራሪን አገር በኢኮኖሚያዊ እርምጃ እናስቁም ወይ ለሚለው 10 ሚሊዮን ያህል «አዎ» አሉ፤ አስፈላጊ ሲሆን በጦርም ይሁን ወይ ለሚለው ግን አዎ ያሉት 6.8 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ጥያቄዎቹ በአንድ ላይ ታስረው ቢሆን 3 ሚሊዮን ሰው በሁለተኛው ምክንያት የመጀመሪያውንም ይተወው ነበር።

የዚያ ድምፅ ፋይዳ ወዲያውኑ ታየ። በኅዳር 1928 ዓ.ም. መጨረሻ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሆርና ላቫል ሰፊውን የኢትዮጵያ መሬት ለጣሊያን ሊያስረክቡ በምስጢር ተስማምተው ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ፣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተነሣና ሆር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሕዝቡ ነዳጁን ማዘጋት አልቻለም፤ ያን ስምምነት ግን አስቀርቷል።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ይህ ሁሉ በሰው አገር ጉዳይ ጣልቃ መግባት አይሆንም? ነገ በእኛ ላይ ቢያደርጉትስ?

መልስ፦ አባታችን፣ ጥያቄዎ ሕገ መንግሥቱ ውስጥም አለ። አንቀጽ 86 በሌሎች አገሮች የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባትን ከውጭ ግንኙነት መርሆዎች አንዱ አድርጎታል። የአፍሪካ ኅብረት ማቋቋሚያ ሰነድም አንቀጽ 4 ላይ ያንኑ ይልና እዚያው ቀጥሎ ለጦር ወንጀል፣ ለዘር ማጥፋትና በሰብዕና ላይ ለሚፈጸም ወንጀል ግን ኅብረቱ ጣልቃ የመግባት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የዘር ማጥፋት ወንጀልን ለመከላከል የወጣውን ስምምነት ከዓለም ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ በ1941 ዓ.ም.። የዓለም ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 በቦስኒያና በሰርቢያ ጉዳይ ሲፈርድ፣ የመከላከል ግዴታ ድንበር ላይ እንደማያበቃና የእያንዳንዱ አገር ግዴታ ልክ ተጽዕኖ ማሳደር በሚችልበት አቅም እንደሚለካ ተናግሯል። ጎረቤት መሆን ደግሞ ራሱ አቅም ነው።

አዲስም አይደለም። ሰኔ 1952 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት ነፃ የአፍሪካ አገሮች የደቡብ አፍሪካ ዕቃ እንዳይገዛ፣ መርከቦቿ ወደብ እንዳይቀርቡ፣ አውሮፕላኖቿ በሰማያቸው እንዳያልፉ ተስማምተዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1960፣ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ለዓለም ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሱ ስድስት ዓመት ገደማ ከፈጀ በኋላ በ1958 ዓ.ም. ዳኞቹ እኩል ለእኩል ተከፍለው በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ ውድቅ ሆነ። ፍርድ ቤት የዘጋውን መንገድ የንግድና የመሣሪያ ማዕቀቡ ቀጠለበት። በእኛ ላይስ ለሚሉት የሚቀጥለውን ጥያቄ ይመልከቱ፤ ጠያቂዋ የደረሰባትን ነው የምትጽፈው።

ጥያቄ፦ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት ላይ ነበርኩ። አጎዋ ሲዘጋ ትእዛዝ ቀረና ከሥራ ተቀነስን። እኛ ምን አደረግን? አሁን ሌላ አገር ያለች እንደኔ ዓይነት ሴት ላይ ይህ ይድረስ ብዬ መፈረም አለብኝ?

መልስ፦ እህታችን፣ ከመጡልን ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ ያንቺ ነው። አጎዋ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ዕድል የሚሰጥ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ ዕድሉን የሚያገኘው አገር በየዓመቱ ይገመገማል፣ ከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ከማስወጫ ምክንያቶቹ አንዱ ነው። ኢትዮጵያ በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ወጣች። ያን ቀን የተለወጠው ነገር ቀረጥ ነው። ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው የጥጥ ካናቴራ 16.5 በመቶ፣ የሰው ሠራሽ ክር ካናቴራ 32 በመቶ ይከፈልበት ጀመር። ቀረጡን የሚከፍለው አሜሪካዊው አስመጪ ነው፤ እሱ ደግሞ ትእዛዙን ወደ ሌላ አገር ያዛውራል። ማሽኑም ሕንፃውም ሐዋሳ ይቀራሉ፤ ደመወዙ ግን ይሄዳል። በዚህ ሁሉ መሐል ተኩስ ያዘዘ ሰው ኪስ አልተነካም፤ ቀረጡ የሚያየው ልብሱ የተሰፋበትን አገር እንጂ ግፍ የሠራውን ሰው አይደለም።

እንግዲህ ሁሉም ጫና አንድ አይደለም። የአንድን አዛዥ የባንክ ሒሳብ ማገድ፣ የጉዞ ክልከላ፣ የመሣሪያ ማዕቀብ፣ በመንግሥት ግዢ የአንድን ድርጅት ጨረታ አለመቀበል ሰውየውን ወይም ድርጅቱን በስም ይይዛሉ። የአገር ሙሉ ንግድ መዝጋትና ከቀረጥ ነፃ ዕድል መንጠቅ ግን በጅምላ ይመታሉ። የጅምላውን መጨረሻ ኢራቅ አሳይታለች። በ1982 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ኢራቅ ኩዌትን እንደወረረች፣ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 661 ንግዷን በሙሉ ዘጋ፤ ኢትዮጵያም አባል ነበረችና ደግፋ ድምፅ ሰጥታለች። ሕዝቡ በመድኃኒትና በምግብ እጦት ሲጎዳ ቆይቶ ነዳጅ ሸጦ ምግብ ለመግዛት ሥራ ላይ የዋለው ፈቃድ የተሰጠው ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ በውሳኔ 986 ነው። ከዚያ ተምረው፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2022 የወጣው ውሳኔ 2664 የተባበሩት መንግሥታት ሀብት በሚያግድበት ማዕቀብ ሁሉ ለሰብዓዊ ርዳታ የሚውለውን ገንዘብና ዕቃ ነፃ አድርጓል።

ከመፈረምሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ። ወረቀቱ የሚመታውን ሰው ወይም ዕቃ በስም ይላል? ምግብ፣ መድኃኒትና ዘር እንደማይነካ በግልጽ ተጽፏል? ሁለቱም ከሌሉበት አለመፈረምሽ ትክክል ነው። ሦስተኛም አለ፤ ተጎጂዎቹ ራሳቸው ጠይቀውታል ወይ? በ1950ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ አፍሪካ ዕቃ አትግዙ ብለው ለዓለም ከጮኹት መካከል አልበርት ሉቱሊ ይገኙበታል፤ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ጉዳቱ በሕዝባቸው ላይ እንደሚያርፍ አውቀው ነው የጠየቁት። በአጎዋ ጊዜ የፓርኩን ሠራተኛ የጠየቀ አልነበረም።

ጥያቄ፦ በፒያሳ ሱቅ አለኝ። ወጣቶች መጥተው የዕቃዎችን ባርኮድ እያዩ «ይህ የእነሱ ነው፣ አንሣ» ይሉኛል። በቁጥሩ መለየት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። የባርኮዱ የመጀመሪያ ሦስት ቁጥሮች ቁጥሩን ለድርጅቱ የሰጠው ማኅበር የየት አገር እንደሆነ ብቻ ይናገራሉ። 600 ወይም 601 ብሎ የሚጀምር ቁጥር የተሰጠው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ብስኩቱ ግን ሌላ አገር ተጋግሮ ሊሆን ይችላል። የሚታየው «የተመረተበት አገር» የሚለው ጽሑፍ ነው፤ እሱም ቢሆን ጥሬ ዕቃው ከየት እንደመጣ አይነግርዎትም። ለምሳሌ ከኮርዶፋንና ከዳርፉር የሚለቀመው፣ ገም አረቢክ የሚባለው የግራር ሙጫ በለስላሳ መጠጥና በማስቲካ ውስጥ ይገባል፤ መለያው ላይ «ኢ414» ተብሎ ይጻፋል። ሱዳን የዚህ ሙጫ ዋና አምራች ናት። ያን ፈልገው ዕቃ ያንሡ ብንልዎ መጀመሪያ የሚጎዳው ግራሩን የሚሰነጥቀው ገበሬ ነው፤ ስለዚህ አንልዎትም።

ዕቃ አለመግዛት የሚሠራው ዕቃው አንድ ሲሆን፣ ምትኩ ሲኖርና የሚጠየቀው መንግሥት ማን እንደሆነ ሲታወቅ ነው። በአየርላንድ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1984 አንዲት ወጣት የሱቅ ሠራተኛ የደቡብ አፍሪካ ፍራፍሬ ሒሳብ አልመታም ብላ ከሥራ ስትታገድ ጥቂት ባልደረቦቿ አብረዋት አድማ መቱ። ያነሡት ፍራፍሬ ብቻ ነበር። አድማው ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ የአየርላንድ መንግሥት የደቡብ አፍሪካ ፍራፍሬና አትክልት እንዳይገባ ከለከለ። ለወጣቶቹ ይህን ይንገሯቸው፤ ከፍለው ያስገቡትን ዕቃ አንሥተው ቢጥሉ ኪሳራው የእርስዎ ነው፣ አስመጪው ገንዘቡን ከተቀበለ ቆይቷል። ማግባባት ከፈለጉ ቀጣዩን ትእዛዝ እንዳያዙ ይጠይቁዎት።

ጥያቄ፦ ከመነኸሪያ ተነሥተን ጉዱማሌ የሚያልቅ ሰልፍ ለማድረግ አስበናል። ፈቃድ ከማን ነው የሚወጣው?

መልስ፦ አዋጅ 3/1983 የሚለው ማስፈቀድ ሳይሆን ማሳወቅ ነው። ሰልፉ ከመደረጉ ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ። ለቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ ሐሙስ ከ3 ሰዓት በፊት መግባት አለበት፤ እኛ ግን ሳምንት ቀድማችሁ አስገቡ እንላለን። ደብዳቤው ዓላማውን፣ ቦታውንና መንገዱን፣ ቀንና ሰዓቱን፣ የሚጠበቀውን የሰው ብዛት፣ ከመንግሥት የምትፈልጉትን ድጋፍ፣ የአዘጋጆቹን ስም፣ አድራሻና ፊርማ መያዝ አለበት። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይቀየር ካለ ምክንያቱን ጽፎ በ12 ሰዓት ውስጥ ያሳውቃል እንጂ ጭራሽ አይደረግም ማለት አይችልም። ሕጉ ይህ ነው፤ በተግባር ግን ያ ጽሑፍ እጃችሁ ሳይገባ ባነር አታሳትሙ፣ አውቶቡስም አትከራዩ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መንገዱ ላይ ነው። ሰልፍ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታልና ከመካነ መቃብር 100 ሜትር፣ ከጦርና ከጸጥታ ተቋማት 500 ሜትር መራቅ አለበት። በገብርኤል አደባባይ በኩል እናልፋለን ያላችሁት ለዚህ ነው የማያስኬደው። መንገዱን ቀድማችሁ በእግር ለኩ፤ የአዋቂ እርምጃ 75 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 100 ሜትር 133 እርምጃ ነው። በባነሩ ላይ የአንድን አገር ሕዝብ ወይም ጎሣ ስም አትጻፉ፤ የጥላቻ ንግግር አዋጅ 1185/2012 አለ፣ ከዚያም በላይ ጥያቄያችሁ በአዛዦች ላይ እንጂ በሕዝብ ላይ አይደለም።

ጥያቄ፦ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅትነት የተመዘገበ ማኅበር አለን። ይህን ብንጠይቅ «ፖለቲካ ገባችሁ» አንባልም?

መልስ፦ አዋጅ 1113/2011 ድርጅቶች ከሥራቸው ጋር ግንኙነት ባላቸው ሕጎችና ፖሊሲዎች ላይ የማሻሻያ ሐሳብ እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል። ቁልፉ «ከሥራቸው ጋር ግንኙነት ያላቸው» የሚለው ነው። መተዳደሪያ ደንባችሁ ስለ ችግኝ ብቻ የሚያወራ ከሆነ በማኅበሩ ስም ሳይሆን እንደ ዜጋ ፈርሙ፣ ማኅተሙን አታሳርፉ።

ጥያቄ፦ ደብዳቤውን አዲስ አበባ ድረስ ወስደን ካስገባን ሦስት ወር አለፈ። ስንደውል «እየታየ ነው» ይሉናል።

መልስ፦ ገቢ ቁጥሩን ይዛችኋል? መዝገብ ቤት የገባ ደብዳቤ በእጃችሁ የሚቀረው ቅጂ ላይ ቀን፣ ገቢ ቁጥርና ማኅተም ይደረግበታል። ያ ከሌለ ለእነሱ እናንተ አልመጣችሁም፤ ሌላ ቅጂ ይዛችሁ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ደግሞ መመላለስ ካስቸገራችሁ በፖስታ ቤት ፈጣን መልእክት ላኩና ደረሰኙን ያዙ።

ቁጥሩ ካለ የመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000ን ተጠቀሙ። የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ነገር ግን «መንግሥት በሱዳን ላይ ምን አቋም አለው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ አዋጁ የውጭ ግንኙነት ምስጢርን ስለሚጠብቅ በአንድ መስመር ይከለክሏችኋል። «በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር ያስገባነው ደብዳቤ ለየትኛው የሥራ ክፍል ተመራ፣ በምን ቀን፣ ምንስ ተጻፈበት?» በሉ። ይህ ምስጢር አይደለም። ከከለከሉ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። የክፍሉን ስም ካወቃችሁ በኋላ የሚቀጥለውን ደብዳቤ በቀጥታ ለዚያ ክፍል ጻፉ፤ የድሮውን ገቢ ቁጥርም በመጀመሪያው መስመር ጥቀሱ።